ሁለት ጊዜ ድምጽ

ሰኞ፣ 4

ኃላፊያችን የችግር መዝገብ ያዝ ስላለችኝ ሁለት ደብተር ገዛሁ። አንዱ ቢሮ ይቀመጣል፤ ቀኑ፣ ችግሩ፣ መፍትሔው እየተባለ ይሞላል። ይሄኛው የራሴ ነው። እዚህ ላይ መፍትሔ ያላገኘሁለትንም መጻፍ እችላለሁ።

ዛሬ ግን ችግር የሚባል አልነበረም ማለት ይቻላል። ጠዋት የባክአፑን፣ የመጠባበቂያ ኮፒውን፣ ሪፖርት አየሁ፤ አረንጓዴ ነው፣ «ተሳክቷል» ይላል። ድሮ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅ የነበረው ኮፒ አሁን በሁለት ደቂቃ ያልቃል። ኔትወርኩን ካስተካከልኩ ወዲህ መሆን አለበት። ለራሴ ጎሽ አልኩት፤ ሌላ የሚለኝ የለምና።

ሥራችን መጻሕፍትን በድምጽ እየቀዱ ማየት ለማይችሉ ሰዎች ማድረስ ነው። ቀረጻው ሁሉ የሚገባው «ሳጥኑ» ውስጥ ነው። ሳጥኑ የምንለው የጋራ ማከማቻችንን ነው፤ ሁለት ሃርድ ዲስክ የያዘ፣ ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ ጥቁር ዕቃ። ሁሉም ሰው ከየኮምፒውተሩ የሳጥኑን ፎልደር ከፍቶ ይሠራል። ከሥራ ሰዓት በኋላ ደግሞ ሳጥኑ «ድምጽ» በሚለው ፎልደር ያለውን ሁሉ ግምጃ ቤት ወደተቀመጠው ሁለተኛ ሳጥን ይገለብጣል። ይህን ሁሉ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ሲበላሽም የምጠራው እኔው ነኝ።

ከሰዓት አድማጯ ደወለች። አድማጯ ቀረጻው ከመውጣቱ በፊት ሰምታ ስህተት የምትለቅመው ሠራተኛ ናት። ዓይኗ አያይም፤ ጆሮዋ ግን አንባቢው ምራቁን ሲውጥ እንኳን አያልፈውም። «ድምጽ» የሚለው ፎልደር ውስጥ አዲስ ምዕራፍ አላገኝም አለችኝ። ፎልደሩን የመክፈት ፈቃዷን አየሁት፤ በትክክል ተሰጥቷታል።

«አለልሽ እኮ። ደህና አድርገሽ ክፈቺው» አልኳት።

«ደህና አድርጌ» አለችና ዘጋችው።

«ደህና አድርገሽ» የሚለውን ባልጨምረው ጥሩ ነበር።

ረቡዕ፣ 6

ቸኩያለሁ። ጋሼ ሰረዝ 42ኛውን ምዕራፍ ጨረሱ። ሁለት ይቀራቸዋል። የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ጉሮሯቸው ኦፕራሲዮን ይደረጋል። ሐኪሞቹ እብጠቱ እንደሚወጣ፣ ድምጻቸው ግን እንደማይመለስ በግልጽ ነግረዋቸዋል።

ጋሼ ሰረዝ የሚል ስም ያወጣላቸው ድምጽ ቀራጩ ነው። ነጠላ ሰረዝ ባዩ ቁጥር ቆም ይላሉ፤ በስህተት የገባ ሰረዝ ካገኙ ደግሞ ንባቡን አቋርጠው ደራሲውን ይወቅሳሉ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ይሄ መጽሐፍ አርባ አራት ምዕራፍ ነው፤ በአራት ወር ጨርሼ ነው የምተኛው ብለው ጀመሩት። ለሰው ሁሉ ቀልድ ይመስለው ነበር።

ዓርብ፣ 8

አድማጯ ዛሬ ስልኩን ትታ በእግሯ መጣች። በትሯ በሩን ሲነካው ሰማሁ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፣ አትሳቅ» አለች። «ኮምፒውተሬ ሁለት ጊዜ ድምጽ ይለኛል።»

«እንዴት ሁለት ጊዜ?»

«ፎልደሮቹን ሲዘረዝርልኝ ነዋ። ድምጽ ይላል፣ ወደ ታች ስወርድ እንደገና ድምጽ ይላል። የመጀመሪያው ይከፈታል፣ ውስጡ የድሮ መጻሕፍት ናቸው። ሁለተኛው አልተፈቀደልሽም ይለኛል።»

እየሰማኋት አልነበረም መሰለኝ፤ መልሱ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። ስክሪኑን ጮክ ብሎ የሚያነብላት ፕሮግራም ስም እየደገመ ነው፣ ሁለተኛው ላይ እምቢ የሚላት አንዴ የከፈተችውን መልሳ ስለምትከፍተው ነው ብዬ አስረዳኋት። አፌን ሞልቼ። ፕሮግራሙን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩላት። ሞከረችው።

«አሁንም ሁለቴ ነው» አለች።

«ይለምድሻል» አልኳት። ፕሮግራም እንዴት ነው የሚለምደው?

ቀራጩ ኮሪደር ላይ ሰምቶን ኖሮ «ኢንጂነር፣ አታስጨንቃት፤ ምዕራፎቹን እኔ በፍላሽ እየሰጠኋት ነው፣ ሰምታ ትመልስልኛለች» አለኝ። ለካ ወራት ሆኗቸዋል እንዲህ ማድረግ ከጀመሩ። መዝገቡ ላይ «ተፈቷል» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ ለታላቅ እህቴ ነገርኳት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ከስፌት መኪናዋ ቀና ሳትል ነው ሰው የምትሰማው። «ይህቺን አድማጭ የምትላትን ስታነሳት በዚህ ሳምንት ሦስተኛ ጊዜህ ነው» አለችኝ። ስለ ሥራ ነው የማወራው አልኳት። «ከቀራጩም ጋር ሥራ አለህ፣ እሱን ግን አንድ ቀን አንስተኸው አታውቅም» ብላ ክሯን በጥርሷ በጠሰችው።

ረቡዕ፣ 13

ጋሼ ሰረዝ ጨረሱ።

44ኛውን ሲያነቡ ሁላችንም ሥራችንን ትተን ከመስታወቱ ውጭ ቆመን ነበር፤ ኃላፊዋ፣ ቀራጩ፣ የብሬል አራሚው፣ እኔ። አድማጯ ወደ ቤቷ ሄዳ ነበር። ድምጻቸው ሻክሯል፤ በየመስመሩ ውሃ ይጎነጫሉ። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ካነበቡ በኋላ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው፣ መጽሐፉን ዘግተው፣ ወጡ። ማንም አላጨበጨበም። ቀራጩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «ልጄ፣ አሁን ይሄ ነገር የት ነው የሚቀመጠው?»

ወስጄ ሳጥኑን አሳየኋቸው። መዳፋቸውን አናቱ ላይ አሳረፉ።

«ይሞቃል» አሉ።

«ሥራ ላይ ስለሆነ ነው ጋሼ። አይጨነቁ፣ ባክአፕ አለው።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ይሄ ቢጠፋ ሌላ አለ ማለት ነው።»

«ለሰውም ቢኖር ጥሩ ነበር» አሉና ሳቁ፤ ሳቁ ወደ ሳል ሄደባቸው። ትከሻዬን ቸብ አድርገውኝ ወጡ። አንተ እያለህ ምን እሰጋለሁ አሉኝ። ይህን ቃል ሰው ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ሐሙስ፣ 14

ደህና ወጥተዋል። ሕይወታቸው ተርፏል። ድምጽ የለም።

ሰኞ፣ 18

ቅዳሜ ከባድ ዝናብ ነበር፤ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ውሏል። ጠዋት ስገባ ሰው ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። ሳጥኑ አልነሳም ብሏል። ከውስጡ ጠጠር የሚፈጭ ዓይነት ድምጽ ይወጣል፤ ከሁለቱም ዲስኮች። አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተካው ብዬ ነበር ሁለት ያደረግኋቸው። አብረው ሄዱ።

አልደነገጥኩም። ሻይ አዝዤ ጠጣሁ እንጂ። ኃላፊዋ በስልክ ለአንድ ሰው «ግድ የለም፣ የኛ ባለሙያ ኮፒ አለው» ስትል ሰማኋት። ነገ ከሁለተኛው ሳጥን እመልሳለሁ።

ማክሰኞ፣ 19

የለም።

(ማታ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ)

ቀን ላይ ከዚያች ቃል በላይ አልጻፍኩም። አሁን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሁለተኛውን ሳጥን ከፈትኩ። «ድምጽ» የሚለው ፎልደር አለ። ውስጡ ሠላሳ አንድ መጻሕፍት አሉ፤ ሁሉም ያለቁ፣ ሁሉም ደህና። ከእነዚህ በኋላ የተቀዳ አንድም ነገር የለም። የጋሼ መጽሐፍ ስሙም የለም። ፎልደሩ ላይ ያለው የመጨረሻው ቀን የዛሬ አራት ወር የነበረ ማክሰኞ ነው።

ሪፖርቶቹን አንድ በአንድ ከፈትኳቸው። መቶ ምናምን ሪፖርት፤ ሁሉም አረንጓዴ። ከአረንጓዴው ሥር በትንንሽ ፊደል ሌላ መስመር አለ። «አዲስ ፋይል፦ 0»። በየቀኑ ዜሮ። ሁለት ደቂቃ የፈጀው ፈጥኖ አይደለም፤ የሚገለብጠው ነገር ስላልነበረው ነው። እኔ ደግሞ ጎሽ እለው ነበር።

የሌሎቹ አንባቢዎች ሥራም ጠፍቷል። ግን እነሱ እንደገና ያነባሉ፤ ጉሮሯቸው አለ።

ቀራጩ ኮምፒውተር ላይ ይኖር እንደሆነ ሮጥኩ። ዲስኩ እንዳይሞላ ቀረጻው ሳጥን እንደገባ እዚያኛው ይደምሰስ ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ታዛዥ ኮምፒውተር ነው። ፍላሹንም ጠየቅሁት፤ «አንድ ናት፣ በላይዋ ላይ እየጻፍኩ ነው የማዞራት» አለ። 43ኛው ብቻ ተገኘ።

ከአርባ አራት አንድ።

ረቡዕ፣ 20

ዲስኮቹን ወደ ዲስክ አዳኙ፣ ከተበላሸ ዲስክ ፋይል ወደሚያወጣው ባለሙያ፣ ወሰድኩ። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጣቸው። ፊቱን ሳየው ባላየሁ አልኩ። «ሰኞ ና» አለኝ።

ለኃላፊዋ «እየሠራሁበት ነው» አልኳት። ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ለምን ዜሮ? ፈቃዱ ልክ ነው። አድራሻው ልክ ነው። «ድምጽ» ይላል፣ «ድምጽ» አለ። ሦስት ጊዜ አየሁት።

ዓርብ፣ 22

ጋሼን ልጠይቅ ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቱካን ይዤ ሄድኩ፤ መዋጥ እንደማይችሉ ያወቅሁት በር ላይ ነው። ባለቤታቸው ሳቀችና ተቀበለችኝ።

አንገታቸው ተጠቅልሏል። ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። እንዳዩኝ ጻፉ፤ ጽሑፋቸው የመምህር ጽሑፍ ነው፣ ዛሬም ቀጥ ያለ።

«መጽሐፉ ደህና ተቀመጠ?»

«ደህና ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ጥያቄውን በእጃቸው አብሰው ሌላ ጻፉ። «እዚህ ሆኜ የማስበው እሱን ነው። ጥሩ ነገር ነው የሚያስተኛኝ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ከዚያ ስለ ዝናቡ አወራሁ፤ አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዝናብ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ቆየሁና ወደ ቤት መጣሁ። ለታመመ ሰው መዋሸት ደግነት ነው የሚል ሰው ካለ፣ እኔ ዛሬ ደግነት አልነበረም ያደረግሁት። ፈርቼ ነው።

እሑድ፣ 24

እህቴ አወጣጣችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋን አቁማ ሰማችኝ።

«ምዕራፎቹን ሁሉ ሰምታለች የተባለችው ልጅስ? ጠየቅሃት?»

«ፍላሹን ትመልሳለች። ምን ይኖራታል?»

«ጠየቅሃት ወይ ነው ያልኩህ።»

አልጠየቅኋትም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

«አንተ ልጅ፣ ሥራ ቢበዛብህ ኖሮ እሑድ ከሰዓት እኔ አጠገብ ቁጭ ብለህ ቁልፍ አትቆጥርም ነበር» አለችኝ። እውነት ነው፣ የቁልፍ ጣሳዋን ገልብጬ በቀለም እየለየሁ ነበር።

ሰኞ፣ 25

ረጅም ቀን። ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት ዲስክ አዳኙ ሁለቱንም ዲስኮች በፌስታል አድርጎ መለሰልኝ። «ወዳጄ፣ ውስጣቸው ተፍቋል። ከዚህ የሚወጣ ነገር የለም» አለኝ። ከእሱ ቀጥታ ኃላፊዋ ዘንድ ገባሁና እንደ ወረደ ነገርኳት። አትጮህም እሷ፤ ብትጮህ ይሻል ነበር። «ለጋሼ ማን ነው የሚነግራቸው?» አለች። እኔ አልኳት።

ከዚያ አድማጯ ክፍል ሄድኩ። ገና በሩን ሳልገፋው «ግባ» አለች።

«እኔ መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«ሳምንቱን ሙሉ በክፍሌ በር ስታልፍ እርምጃህን ታፈጥናለህ። ዛሬ ቆምክ።»

ተቀመጥኩና ነገርኳት። ሳጥኑን፣ ዲስኮቹን፣ ዜሮዎቹን። ስጨርስ እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እያሰበች ነበር።

«ባክአፕ የሚደረገው የትኛው ድምጽ ነው? የመጀመሪያው ነው ሁለተኛው?»

«አንድ ነው ያለው» ልላት አፌን ከፈትኩ። ከፍቼ ቀረሁ።

«እኔ ሁለት ነው የምሰማው ብዬህ ነበር» አለች፣ ቀስ ብላ።

ወደ ቀራጩ ክፍል እንዴት እንደሮጥኩ አላውቅም። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የሳጥኑን አድራሻ በጣቴ እየተከተልኩ ፊደል በፊደል አነበብኩት። ድ። ም። ፅ።

ፀሐዩ ፀ። የኔ ባክአፕ አድራሻ የተጻፈው በጸሎቱ ጸ ነው።

ሁለት ፎልደር ነበር። አንዱ ድምጽ፣ አንዱ ድምፅ። ለዓይን ሁለት፣ ለጆሮ አንድ። ዓይን ያለን ሰዎች ሁሉ በላዩ ላይ አልፈን፣ አንድ ሰው ብቻ ሁለትነቱን ያወቀችው፣ እሷም በጆሮዋ።

አራሚው ጠረጴዛ ላይ እጄን ጥዬ ቆምኩ። የብሬል ጽሑፎቻችንን የሚያርመው እሱ ነው፤ ለአንድ ፊደል ከሰው ጋር ተኳርፎ ሳምንት የሚቆይ ሰው። «ድምፅ የሚባል ፎልደር የከፈትከው አንተ ነህ?»

«አዎ» አለ፣ ኩራት ባለበት አፍ። «የዛሬ አራት ወር ገደማ። እኛ እኮ የምንሠራው ድምፅ ነው፤ የሥራችንን ስም ስተን እንጽፋለን? ስሙን ልለውጠው ስል ፋይል ተከፍቷል ብሎ እምቢ አለኝ። አዲስ ከፍቼ በእጅ ላይ የነበረውን ሥራ ሁሉ አዛወርኩት። ያለቁትን መጻሕፍት እዚያው ተውኳቸው። ለቀራጩ ነግሬዋለሁ።»

«ለኔስ?»

«ፊደል ለማረም ካንተ ፈቃድ ያስፈልጋል እንዴ?»

ያስፈልግ ነበር። ግን ፈቃዱን ቀደም ብዬ ሰጥቼዋለሁ፤ በየቀኑ እየመጣ ሲጨቀጭቀኝ እንዲተወኝ ብዬ ሳጥኑን በሙሉ ከፍቼለት ነበር። ለአድማጯ አንዷን ፎልደር በደንብ ያልከፈትኩት ሰውዬ።

ደሜ ፈልቶ ነበር፤ ምን እንደተከተለ ስነግረው ግን ቀለሙ ጠፋ። ተነስቶ መስኮቱ ጋ ቆመ። «የጋሼ ነው?» ብቻ አለ።

አሁን ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩት። በሁሉም ገጽ ላይ ድምጽን በጸሎቱ ጸ ነው የጻፍኩት፤ ዛሬ ጠዋት የሆነውን ስጽፍ እንኳን ልማዴ አለቀቀኝም። በፊደሉ ትክክለኛ እሱ ነው። በዚህ ልከራከረው አልችልም።

ማክሰኞ፣ 26

አለ። አለ። አለ።

(ማታ)

ትናንት ያልጻፍኩት አንድ ነገር አለ፤ በዓይኔ ሳላየው ልጽፈው ፈርቼ ነው። ከአራሚው ስመለስ አድማጯ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። «አንድ ደንብ ጥሻለሁ» አለችኝ። ቀረጻ ወደ ቤት መውሰድ ክልክል ነው፤ ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ፍላሹን ከመመለሴ በፊት ወደ ማጫወቻዬ እገለብጠዋለሁ። ልብስ ሳጥብ እሰማዋለሁ። ጋሼ ሲያነቡ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል።»

«ስንቱን?» አልኳት።

«የሰጡኝን በሙሉ።»

ዛሬ ማጫወቻዋን አመጣችው። የክብሪት ቀፎ የምታህል፣ ጠርዟ በፕላስተር የታሰረ። ኮምፒውተር ላይ ሰካኋትና ስሞቹ አንድ በአንድ ወረዱ። ከ1 እስከ 43። በየመካከሉ ዘፈን አለ፣ የእንቁላል አሠራር አለ፣ የእህቷ ልጅ የልደት ጩኸት አለ። እሷ እየተሽኮረመመች «እሱን አትክፈተው» ትላለች፤ እኔ አንዱንም አልከፈትኩም፤ 1ኛውን ምዕራፍ ብቻ። የጋሼ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ የዛሬ አራት ወሩ፣ ያልሻከረው። ነጠላ ሰረዝ ላይ ቆም አሉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ደብቄ ጠረግሁት። ከማን እንደደበቅኩት እንጃ።

«ታለቅሳለህ?» አለች።

«ጉንፋን ነው።»

«እሺ» አለች።

በሦስት ቦታ ገለበጥኳቸው። ደብተሬን ልዘጋ ስል አንድ ነገር መጣብኝ። ፈቃዷን በትክክል ሰጥቻት ቢሆን ፍላሽ ባላስፈለጋት፣ ዛሬም ምንም ባልተረፈ ነበር። ይህን እያሰብኩ ልጽናና ምንም አልቀረኝም። ግን ያን ዓርብ ሰምቻት ቢሆን ኖሮ፣ መጀመሪያውኑ የሚጠፋ ነገር አልነበረም።

44ኛው የለም። እሷ ወደ ቤት ከሄደች በኋላ የተቀዳው። የመጨረሻው።

ቅዳሜ፣ 30

ጋሼ ከሆስፒታል ወጥተዋል። ዛሬ ቤታቸው ሄድኩ። ብርቱካን አልያዝኩም። አድማጯ እኔም ልምጣ አለችኝ፤ መንገዱን ሁሉ ትከሻዬን ይዛ ነው የሄደችው። ስለ ጉድጓዶቹ ከማወራው ውጭ የተናገርኩት የለም።

ቁጭ እንዳልን ጀመርኩ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት ዋሽቼዎታለሁ።» ከዚያ ምንም ሳላስቀር ነገርኳቸው፤ አረንጓዴውን፣ ዜሮውን፣ ሁለቱን ፊደል፣ ማጫወቻዋን። ፊታቸውን ማየት ስላልቻልኩ ለምንጣፉ ነበር የምናገረው። 44ኛው እንደጠፋ ስነግራቸው የማርከሩ ድምፅ ተሰማ።

ሰሌዳውን አዞሩልኝ። «እንኳን ጠፋ።»

አብሰው ቀጠሉ። «ያን ቀን አሞኝ ነበር። በጣም መጥፎ ነው ያነበብኩት። እናንተ አዝናችሁ ስለነበር ማንም አልነገረኝም።»

የጻፉትን ጮክ ብዬ አነበብኩላት። አድማጯ ሳቀች፤ ጋሼም ያለ ድምፅ ሳቁ፣ ትከሻቸው ብቻ። ከዚያ ሰሌዳውን ወደ እሷ አዞሩት፣ ማየት እንደማትችል ትዝ ሲላቸው ራሳቸውን መትተው ለኔ ሰጡኝ።

«እሷ ታንብበው። አርባ ሦስቱን እንደሷ የሰማው የለም። የት እንደምቆም ታውቃለች።»

«እኔ?» አለች። «እኔ አራሚ ጆሮ እንጂ አንባቢ አይደለሁም ጋሼ።»

«እኔም መምህር ነበርኩ» ብለው ጻፉ።

ለውሸቴ ምንም አላሉኝም። ስንወጣ ባለቤታቸው እስከ በር ሸኘችንና «ያን ዕለት መዋሸትህን አውቀው ነበር» አለችኝ። «ስለ ዝናብ አንድ ሰዓት የሚያወራ ሰው የለም ብለው ጽፈውልኛል።»

ሐሙስ፣ 5

ቀዳን።

44ኛውን ምዕራፍ በብሬል ያዘጋጀው አራሚው ነው። በሁለት ቀን፤ ምሳውን ጠረጴዛው ላይ እየበላ። ሲሰጣት «አንድም ስህተት የለበትም» አለ። በጣቷ እየሄደች አንዲት አገኘችበት። ተኳረፉ፣ ሻይ ሰዓት ላይ ታረቁ።

ጋሼ አንገታቸውን ሸፍነው መጡና ከእሷ ፊት ለፊት ተቀመጡ። እጃቸውን ክንዷ ላይ አሳረፉ። ነጠላ ሰረዝ ሲደርስ አንዴ ጫን ያደርጋሉ፤ አራት ነጥብ ሲሆን ሁለቴ። ቀራጩ ከመስታወቱ ውጭ «አሁን ሁለት ሰው ነው የሚያነበው» አለኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሦስተኛው ላይ ጠፍቶ ታሪኩ ብቻ ቀረ። እንደ እሳቸው አታነብም። እሳቸው የሚያስተምሩ ይመስላሉ፣ እሷ ምስጢር እንደምትነግር ናት። ግን ቆም የሚባልበት ቦታ አንድ ነው።

መጨረሻው ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለቴ ጫን አደረጉ። ክንዷን አልለቀቁም። በሌላ እጃቸው ሰሌዳውን ስበው ጻፉና በመስታወቱ በኩል አሳዩን።

«ከኔ ይሻላል። አትንገሯት፣ ትኩራራለች።»

ነገርኳት።

ዓርብ፣ 6

ከኃላፊዋ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ ይገባኛል። ከሥሩ አዲሱን ሳጥን እንድዘረጋና ደንቡን እንደገና እንድጽፍ ታዟል። ፎልደሩ አሁን አንድ ነው፣ በፀሐዩ ፀ፤ አራሚው ከዛሬ ጀምሮ ማረም እንጂ አዲስ ፎልደር መክፈት አይችልም። አድማጯ የሁሉም ነገር ፈቃድ አላት።

አዲሱ ደንብ እንዲህ ይላል፦ የአረንጓዴውን መልክ ማየት በቂ አይደለም፤ በየሳምንቱ ዓርብ አንድ ፋይል ከኮፒው ወጥቶ በጆሮ ይሰማ። የትኛው ፋይል እንደሚመረጥ ደንቡ አይናገርም። ከሁለተኛው ሳጥን 44ኛውን አወጣሁ።

ፋይሉ ደህና መሆኑን ለማወቅ አንድ ደቂቃ ይበቃ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ አርባ አንድ ደቂቃ። መዝገቡ ላይ «ተመርምሯል፣ ደህና ነው» ብዬ ጻፍኩ። ከምሳ በኋላ እንደገና ከፈትኩት። አንድ ጊዜ ብቻ መመርመር አያስተማምንም።